ቅዱስ ያሬድ እና የቤታችን ጧፍ

ነቢያት የጌታችንን መወለድ በተስፋ እየጠበቁ የጾሙትን ጾም እኛም ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ እንጾማለን። በዚህ ወቅት ከምናስባቸው አባቶች አንዱ ቅዱስ ያሬድ ነው።

ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስላረፈ እናቱ ታውክልያ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ሲሄድ፣ በማይ ኪራህ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ አንድ ትል ወደ ፍሬው ለመውጣት እየወደቀ ደጋግሞ ሲሞክር በመጨረሻም ሲደርስ ተመለከተ። እርሱም እያለቀሰ ተመለሰ፤ እግዚአብሔርም ምሥጢሩን ገለጠለት። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ዜማዎች ድጓን ደረሰ። ከልደት በፊት ያሉትን ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃን እና ኖላዊ ብለን የምናከብራቸውም በእርሱ ሥርዓት ነው። በኋላም በሰሜን ተራሮች በብሕትውና ኖሮ ግንቦት 11 ቀን ተሰወረ።

የብርሃን ሰንበት እውነተኛው ብርሃን ወደ ዓለም መምጣቱን ያስታውሰናል። በቤታችን ግን ደክመን ስንገባ ጸሎቱን ለነገ እናሳድራለን፤ ልጆቻችንም ጧፍ ሳይበራ፣ ውዳሴ ማርያም ሳይደገም ይተኛሉ። የአንድ ምሽት ቸልታ ሳናውቀው የቤቱ ልማድ ይሆናል። ልጅ ጸሎትን አስቀድሞ የሚማረው ወላጁ ሲጸልይ አይቶ ነውና፣ ነገ በእጁ የሚቀረው ዛሬ ያየው ነው።

ስለዚህ ያቋረጥን ሁሉ እንደ ቅዱስ ያሬድ እንመለስ። ዛሬ ማታ በሥዕለ አድኅኖ ፊት ጧፍ አብርተን፣ ልጆቻችንን አጠገባችን አቁመን፣ አጭርም ቢሆን በአንድነት እንጸልይ።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።