በገና ቀን የተወለደው ንጉሥ

በላስታ፥ ሮሐ በምትባል ስፍራ፥ አንዲት እናት የመውለጃዋ ቀን ከገና በዓል ጋር ገጠመ። ሕዝቡ የጌታን ልደት በሚያከብርበት በታኅሣሥ 29 ቀን ወንድ ልጅ ወለደች፤ ለቤተ ሰቡም ደስታው እጥፍ ሆነ። በጅማ ጫካ ቀፎ ተሰቅሎ ያያችሁ ልጆች ንብ እንዴት እንደምትናደፍ ታውቃላችሁ። ይህን ሕፃን ግን ንቦች ከበውት ሳይነድፉት ቀሩ ይባላል። እናቱም ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ስትል ላሊበላ ብላ ጠራችው።

ታላቅ ወንድሙ ሐርቤ ይህን ሰምቶ፥ ዙፋኔን ይወስድብኛል ብሎ ጠላው። እኅቱም መርዝ ሰጠችው። አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሞተ፤ ላሊበላ ግን ከሞት ተረፈ። ከብዙ መከራ በኋላ ሐርቤ ተጸጽቶ ዙፋኑን እንደ ለቀቀለት፥ ላሊበላም ቂም ሳይዝ እንደ ታረቀው በገድሉ ይነገራል።

ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነገሠ። በስሙ የሚታወቁት 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ሮሐም በስሙ ተጠራች። ዛሬም በዚያ የእርሱ ልደት ከገና ጋር አብሮ ይከበራል።

ልጆች ሆይ፥ እናታችሁ አዲስ ሕፃን ስትወልድ ደስ ይበላችሁ። ታናሽ ወንድም የታላቁን ፍቅር አይወስድም፤ ቅናት ግን የቀናተኛውን ሰላም ይወስዳል።