ሳይሰማ ያልፈረደው ንጉሥ

 

እስቲ አስቡት፤ በድሮው ዘመን በመንዝ፣ በግሼ ወይም በመርሐቤቴ ደጋ ሌሊት አንድ በሬ ተሰረቀ። ማን እንደወሰደው ያየ የለም። አፈርሳታ ይጠራል፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም። ካልወጣ ዕዳውን ሁሉም ተካፍሎ ይከፍላል። ከዚህ የባሰም ነበር። በሸዋ ነገሥታት ዘመን ሌባሻይ የሚባል ነበር፤ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል።

ያ ቤት የእናንተ ቢሆንስ? አለመስረቃችሁን በምን ታረጋግጣላችሁ? ያልሠሩትን ነገር አለመሥራት እንዴት ተደርጎ ይመሰከራል?

ሌባሻይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ታግዶ ቀርቷል። ጥያቄው ግን አልቀረም፦ ማስረጃ ማምጣት ያለበት ከሳሽ ነው ወይስ ተከሳሽ? ይህን ጥያቄ ከዚያ ሁሉ ዘመን በፊት፣ በዚችው በሐበሻ ምድር በተግባር የመለሰ ንጉሥ ነበር። ስሙ አስሐማ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ነጃሺ በሚለው መጠሪያው ነው።

የነጃሺ ሕይወት የጀመረው በግፍ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደተረከችው አባቱ ንጉሥ ነበር። ሰዎች አባቱን ገድለው አጎቱን አነገሡ። ልጁ አድጎ እንዳይበቀላቸው ስለፈሩ በ600 ዲርሀም ለነጋዴ ሸጡት። ምን አጠፋ? ምንም። የከሰሰው የለም፣ የመሰከረበት የለም፤ የፈረደበት ፍርሃታቸው ብቻ ነበር። በዚያው ቀን አጎቱን መብረቅ መታው፤ ከልጆቹም ለንግሥና የሚበቃ አልተገኘም። ስለዚህ ነጋዴውን ተከታትለው ደረሱበት፤ ልጁን ቀምተው አምጥተው ዘውድ ጫኑለት።

ነጋዴው ገንዘቡን ሲጠይቅ ከለከሉት። እሱም ንጉሡ ፊት ቀርቦ አቤት አለ፤ ባሪያ በገንዘቤ ገዛሁ፣ ባሪያውንም ገንዘቤንም ወሰዱብኝ ብሎ ከሰሰ። ያ ባሪያ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ራሱ ነጃሺ ነበር! አቤቱታው እውነት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ወይ ገንዘቡን መልሱለት፣ ወይ ባሪያው እጁን ሰጥቶ አብሮት ይሄዳል ብሎ በሹማምንቱ ላይ ፈረደ። እነሱም ገንዘቡን ከፈሉ። እውነት ይዞ የመጣ ከሳሽ፣ ነገሩ ንጉሡን ራሱን ቢነካም፣ መብቱን አገኘ።

ዓመታት አለፉ። በ615 ገደማ የመካ ሙስሊሞች ከስቃይ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን አስከትለው ላኩ። ሁለቱ መልእክተኞች ገና ንጉሡ ፊት ሳይቀርቡ ለእያንዳንዱ ሹም የመካን ቆዳ በስጦታ አደሉ። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጣቸው። ሹማምንቱም በችሎቱ ላይ ይህንኑ ደገፉ።

ነጃሺ ተቆጣ። የእኔን ጥበቃ መርጠው የመጡ ሰዎችን ሳልጠይቃቸው አልሰጥም አለ። ክሱ እውነት ከሆነ ይሰጣሉ፤ ካልሆነ ይጠበቃሉ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቀርቦ ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀራ፤ ንጉሡም አለቀሰ። በአንዳንድ የሲራ ዘገባዎች ላይ ጀዕፈር ሦስት ነገር እንዲጠየቅለት ጠይቋል፦ ያመለጥን ባሪያዎች ነን ወይ? ደም አፍስሰናል ወይ? የሰው ገንዘብ አለብን ወይ? የዐምር መልስ ለሦስቱም የለም የሚል ነበር። ክሱ በከሳሹ አንደበት ባዶ ሆነ።

በማግስቱ ዐምር ሌላ ክስ ይዞ መጣ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ክፉ ይናገራሉ አለ። ነጃሺ አሁንም በሰማው አልፈረደም፤ እንደገና አስጠርቶ ጠየቃቸው። መልሳቸውን ሲሰማ በምድሩ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው፤ ስጦታውንም መለሰ። አላህ መንግሥቴን ሲመልስልኝ ጉቦ አልወሰደብኝም፣ እኔ እንዴት እወስዳለሁ ማለቱ ተዘግቧል። ያ በፍርሃት ብቻ ተፈርዶበት የተሸጠ ልጅ፣ አድጎ ማንንም በወሬ አልሸጠም።

ዐምርም ቢሆን ኋላ ሰልሞ ታላቅ ሰሓባ ሆኗል፤ አላህ ይውደድለት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩንም ይህንኑ ነው። ሰዎች በአቤቱታቸው ብቻ ቢሰጣቸው ኖሮ የሌላውን ደምና ንብረት በጠየቁ ነበር፤ ስለዚህ ማስረጃ በከሳሽ ላይ ነው፣ የካደ ደግሞ ይምላል። በዝሙት ክስ አራት ምስክር ይጠየቃል፤ ማቅረብ ያልቻለ ከሳሽ ራሱ ይቀጣል። ፉቀሃዎችም ጥርጣሬ ካለ ሐድ እንደማይፈጸም ተስማምተዋል፤ በስህተት ከመቅጣት በስህተት ይቅር ማለት ይሻላልና። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ እስኪረጋገጥበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ዛሬ ሌባሻይ የለም እንላለን። ግን ስልካችን ላይ የአንድ ሰው ፎቶ ሌባ ነው፣ ደፋሪ ነው፣ ከዳተኛ ነው ከሚል ጽሑፍ ጋር ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ያየ ማን ነው? ተከሳሹስ ተሰምቷል? ሳናጣራ ሼር ካደረግን ገመዱን የያዝነው እኛ ነን፤ የሚወድቀውም የሰው ቤት ላይ ነው። በእውነት የተበደለ ካለም ችላ አንበለው፤ እንደዚያ ነጋዴ ማስረጃውን ይዞ ችሎት እንዲቀርብ እንርዳው።

ነጃሺ በሂጅራ በ9ኛው ዓመት በረጀብ ወር አረፈ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ላይ ሆነው በዕለቱ ሞቱን ተናገሩ፤ ሰሓቦችን አሰልፈውም ሰላተል ጋኢብ ሰገዱበት። በዚያ ቀን የመሰከሩለት እነዚያው ሳይሰማቸው አሳልፎ ያልሰጣቸው ሰዎች ወገኖች ነበሩ።

አላህ ነጃሺን ይዘንለት። እኛንም ከመፍረዳችን በፊት የምንሰማ ያድርገን። አሚን። በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ።