መቃብሩ የፈረሰበት ፈላስፋ

በርሊን ውስጥ ግሮሰ ሀምበርገር በተባለው መንገድ ላይ ዛፍ የሞላበት ጸጥ ያለ ግቢ አለ፡፡ የከተማዋ የጥንት አይሁዳውያን መካነ መቃብር ነው፤ ጎብኚ የሚያየው ግን በአብዛኛው ሣር ነው፡፡

ሙሴ ሜንደልሶን እዚህ ተቀብሯል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1743 ረቢ ዴቪድ ፍሬንከልን ተከትሎ ከደሳው ከተማ ሲመጣ የ14 ዓመት ድሃ ተማሪ ነበር፡፡ ጀርባው ጎባጣ ነው፡፡ አይሁዳዊ በበርሊን ለመኖር በዚያ ዘመን ልዩ ፈቃድ ያሻው ነበር፡፡ ፍልስፍናን በግል ጥረቱ ተማረ፤ እንጀራውን የሚበላው ግን በሐር ፋብሪካ ሒሳብ መዝገብ ይዞ ነው፡፡ በ1763 የፕሩሲያ አካዳሚ ባካሄደው የጽሑፍ ውድድር አንደኛ ወጣ፡፡ ሁለተኛው ማን መሰላችሁ? አማኑኤል ካንት! በ1771 አካዳሚው አባል ሊያደርገው መረጠው፤ ንጉሡ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ግን ምርጫውን ሳያጸድቁ ቀሩ፡፡ ወገኖቹ ጀርመንኛ እንዲለምዱ ኦሪትን ተርጉሞ በዕብራይስጥ ፊደል አሳተመ፡፡ የሙዚቃ ሰዎች የሚያውቁት ፌሊክስ ሜንደልሶን የልጁ ልጅ ነው፡፡

በ1786 አረፈ፡፡ በ1943 መካነ መቃብሩ በጌስታፖ ትእዛዝ ፈረሰ፤ አጠገቡ የነበረው የአረጋውያን መጦሪያም አይሁዳውያን ወደ ሞት ካምፖች ከመጫናቸው በፊት የሚታጎሩበት ነበር፡፡ ዛሬ ስሙን የያዘው ድንጋይ ከጦርነቱ በኋላ ለመታሰቢያ የቆመ ነው፡፡ ጎብኚዎች በአይሁድ ልማድ ጠጠር ያኖሩበታል፡፡