ዊልያም ብላንፎርድ፦ ከጦር ጋር መጥቶ ዛጎል የሰበሰበው ሊቅ

ከመተማ በስተ ደቡብ ያለው የቋራ ቆላ በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወሰው በልጁ በዐፄ ቴዎድሮስ ነው። የንጉሠ ነገሥቱንም ፍጻሜ ሁላችን እናውቃለን። ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ግን ዋና መሣሪያው መዶሻ የሆነ አንድ ሊቅ አብሮ እንደ ነበረ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ዛሬ ሕይወቱን ባጭሩ ልንተርክ ወደናል።

ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1832 በሎንዶን ተወለደ። በማዕድን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1855 ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር ወደ ህንድ ሄዶ በዚያ በሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በ1868 ከዘመቻው ጋር ወደ አገራችን መጣ። ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በዓዲግራትና በእንጣሎ በኩል ሲጓዝ፣ ሌላው ሰው የሚረግጠውን ድንጋይ እርሱ ያነብበው ነበር።

በዓዲግራት የአሸዋ ድንጋይ አየ። በእንጣሎም ዛጎልና ሌሎች የባሕር ፍጥረታት በውስጡ ደንድነው የቀሩበትን የኖራ ድንጋይ አገኘ። ከዚያ በላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ በአሸንጌና በመቅደላ ስም ከፈለው። እነዚህ ስሞች እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ይሠራባቸዋል።

ዘዴው ምን ነበር? የድንጋዩ ዓይነት ቦታው ጥንት ምን እንደ ነበረ ይነግራል፤ የኖራ ድንጋይ ከኮራልና ከዛጎል ጋር ሲገኝ ጥልቀት የሌለውን ሞቃት ባሕር ያመለክታል። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ድንጋይ በተለያየ ዘመን ሊፈጠር ስለሚችል ይህ ብቻውን አይበቃም። የፍጥረታት ዝርያ ግን በዘመኑ ኖሮ ይጠፋል፤ አይመለስምም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዛጎሎች የያዙ ሁለት ንጣፎች፣ ርቀታቸው የቱንም ያህል ቢሆን፣ የአንድ ዘመን ናቸው። ብላንፎርድም የእንጣሎን ዛጎሎች ዘመናቸው አስቀድሞ ከታወቀ ጋር በማመሳከር ድንጋዩ የጁራሲክ ዘመን መሆኑን ለየ። ዛሬ ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የዓባይ ሸለቆ የገለጠው የኖራ ድንጋይም በእንጣሎ ስም ይጠራል።

የዘመቻው ፍጻሜ መራራ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳትም ተዘርፈው ተወሰዱ። ይህን ሳንሸሽግ፣ ብላንፎርድ በ1870 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ምድራችን ለሚያጠኑ ሁሉ መሠረት እንደ ሆነ እንመሰክራለን። የጦሩ በደል እውቀቱን ሐሰት አያደርገውም፤ እውቀቱም በደሉን አያጥበውም።

ሊቁ በኋላ የሎንዶን የሥነ ምድር ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ አገልግሎ በ1905 ዐረፈ።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ አንድ ሕፃን ዛጎል ያለበት ድንጋይ ይዞ መጥቶ ከኖኅ ውኃ የቀረ ነውን ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ለእምነት የጠቀማችሁ መስሏችሁ አዎን አትበሉት። ኮራል በቦታው ቆሞ ለማደግ ብዙ ዓመታት ይሻል፤ በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ንጣፍም በአንድ ጎርፍ አይከመርም። ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ምሕረትና ስለ ቃል ኪዳን ያስተምረናል፤ የድንጋዩን ዕድሜ ድንጋዩ ራሱ ይናገር። ዛሬ በሐሰት የደገፍነው ልጅ፣ ነገ እውነቱን ባወቀ ጊዜ ያስተማርነውን ሁሉ እንዳይጥል እንጠንቀቅ።