ጄምስ ብሩስ እና የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሥዕሎች

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በሀገራችን በይበልጥ የሚታወቀው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ባደረገው ጉዞና የመጽሐፈ ሄኖክን የግእዝ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ በመውሰዱ ነው። በጉዞው ወቅት የተዘጋጁት የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሥዕሎች ግን ከዚህ ያላነሰ ዋጋ ቢኖራቸውም እምብዛም አይነገርላቸውም።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለ ስፍራ ተወለደ። በወጣትነቱ በወይን ጠጅ ንግድ ተሰማርቶ የነበረ ሲሆን፣ ባለቤቱ በተጋቡ በዓመቱ ሳይሞላ በሞት ስለተለየችው ፊቱን ወደ ቋንቋ ጥናትና ወደ ጉዞ አዞረ። በ1763 የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ወደ አልጀርስ ተጓዘ። በሰሜን አፍሪካ የሚገኙ የጥንታዊ ሕንፃዎችን ፍርስራሽ በሥዕል ለማስቀረት በማሰቡም በ1765 የቦሎኛ ተወላጅ የሆነውን ወጣት የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሉዊጂ ባሉጋኒን በረዳትነት ቀጠረ።

ሁለቱ ተጓዦች በ1769 ምጽዋ ደርሰው በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገቡ። ብሩስ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት በፈንጣጣ የታመሙትን በማከሙ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። በዚህ ጊዜ ዓምድና ቅስት ለመሳል የሠለጠነው የባሉጋኒ እጅ ወደ ቅጠልና አበባ ዞረ። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ ቀንጠፋ፣ እንሰትና ጤፍ ከተሳሉት መካከል ይገኛሉ። ሥዕሎቹ የተክሉን አጠቃላይ መልክ ብቻ የሚያሳዩ አልነበሩም፤ አበባው፣ ፍሬውና ዘሩ ለየብቻ ተለይተው ቀርበዋል። ይህም ቅጠሉ ከግንዱ ጋር እንዴት እንደሚያያዝና አበባው ምን ያህል ቅጠሎች እንዳሉት በትዕግሥት መመልከትን የሚጠይቅ ነበር። ለሀገሬው ሰው የዕለት ተዕለት የሆነው ተክል በዚህ መንገድ የሥነ ጥበብም የሳይንስም ሀብት ሆነ።

ብሩስ በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ ባሉጋኒ አብሮት ነበር። ይሁን እንጂ ሠዓሊው በ1771 በተቅማጥ ሕመም ጎንደር ላይ ሞተ፤ ዕድሜውም ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። ብሩስም ወደ ሀገሩ ሲመለስ በዚሁ ዓይነት ሕመም ተይዞ ዋጊኖስ በተባለው የሀገር መድኃኒት መዳኑን ጽፏል። ተክሉም በሳይንሳዊ ስያሜው ብሩሲያ ተብሎ በብሩስ ስም ተጠራ።

ብሩስ በ1774 ለንደን ሲደርስ ትረካውን ብዙዎች አላመኑትም። ከዓመታት በኋላ በ1790 የጉዞ ታሪኩን በአምስት ቅጾች አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ የሠዓሊነቱን ክብር ለራሱ ወስዶ የባሉጋኒን ድርሻ አሳነሰ፤ ረዳቱ ወደ ግሽ ከመጓዛቸው አስቀድሞ የሞተ አስመስሎም ጻፈ። በ1794 ብሩስ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ።

እውነቱ የታወቀው ተመራማሪዎች የባሉጋኒን የጉዞ ማስታወሻና የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች ከመረመሩ በኋላ ነው። ሥዕሎቹ በአሁኑ ጊዜ በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ይገኛሉ፤ የሠዓሊውም ስም ተመልሶላቸዋል።

የብሩስ ድፍረትና ጽናት ባይኖር ኖሮ እነዚህ ሥዕሎች ባልኖሩ ነበር። የባሉጋኒ ዓይንና እጅ ባይኖርም እንዲሁ። በመሆኑም ሁለቱንም በየድርሻቸው ማስታወስ ተገቢ ነው። በሀገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በአካባቢያቸው የሚገኙ ዕፅዋትን በሥዕል የሚመዘግቡ ዜጎችም ሥራቸው ላይ ስማቸውንና ቀኑን፣ ተክሉን ያዩበትን ስፍራና ተክሉ በአካባቢው የሚጠራበትን ስም አብረው ቢያሰፍሩ ለራሳቸውም ለመጪው ትውልድም ይጠቅማል።