ከመቅደላ የጠፋው ልጅ፦ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

በዚህ ሰሌዳ ላይ የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማቅረብ የተለመደ ነው። ዛሬ የምናቀርብላችሁን ሰው የመረጥነው ግን ታዋቂ ከመሆናቸው በፊት ወላጅ የጠፋባቸው ሕፃን ስለነበሩ ነው። ምክንያት አለን። እኛ ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ የመጣን ሠልጣኞች፣ የሽንኩርትና የማሾ ሥራ ሲደርስ ከደጋ የሚወርዱ ልጆችን እያየን ነው ያደግነው። ቀን በሰው ማሳ ይውላሉ፤ ማታ በረንዳ ላይ ማዳበሪያ ለብሰው ይተኛሉ። ከእኛም ብዙዎቻችን ሁለተኛ ደረጃን የጨረስነው አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን፣ ከገጠር በሚላክ ስንቅ ነው። አንዱ ጓደኛችን ኪራይ አጥቶ ከአሥረኛ ክፍል ቀርቷል። ጎበዝ ልጅ ነበር እኮ! ነገ መምህር ተብለን ስንመደብ እንደሱ ያሉት ከፊታችን ይቀመጣሉ።

ወደ ታሪካችን እንግባ። ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ። ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲያፈገፍጉ የሕፃኑም ቤተ ሰብ እዚያው አምባ ላይ ነበር። ከሕንድ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዝ፣ ንጉሡም ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ በዚያ ግርግር የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ይዞት ወደ ሕንድ አገር ሄደ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቻምበርሌን ሞተ፤ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አጣ። ከዚያ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ወጪውን ችሎ በአምሪትሳር ከተማ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባው። ስሙም ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ የሁለት ወታደሮች ስም ማለት ነው። (እስከዚህ ድረስ አንተ እያልን የጻፍነው ልጅ ስለሆነ ነው፤ ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት ይገባናል።)

ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1882 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እየተባሉ የሚጠሩት ለዚህ ነው። ቆየት ብለው ወደ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አዳብረዋል፤ በበርማም ለእንግሊዝ መንግሥት በሐኪምነት ሠርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ከዚያው አምባ፣ በዚያው ወር፣ ሌላ ልጅ ተወስዷል፤ የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ። እናቱ እቴጌ ጥሩነሽ ከአምባው ከወረዱ በኋላ በመንገድ ላይ ሞቱ። ዓለማየሁን ንግሥቲቱ ራሷ ታውቀው ነበር፤ ገንዘብም አላጣም። ነገር ግን ከለመደው ሞግዚት ከካፒቴን ስፒዲ ተለይቶ፣ ከአንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ቆይቶ፣ በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ታሞ ሞተ። የተቀበረው በዊንዘር ነው። ስለዚህ ጉዳይ በመኝታ ክፍላችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ልዑሉን የገደለው በሽታ እንጂ ብቸኝነት አይደለም፣ ወርቅነህም ቢሆኑ ዕድል ረድቷቸው ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ልጅን ከለመደው ሰው እየነጠሉ አልጋና ምግብ ብቻ መስጠት ማሳደግ አይባልም አልን። ክርክሩ አላለቀም። ከሁለተኛው ወገን የሆንነው ግን እንበዛለን።

ከዓድዋ ድል በኋላ ሐኪሙ አገራቸውን ሊያዩ ተነሥተው ዘይላ ድረስ መጡ፤ ግን ሳይሳካላቸው ተመለሱ። አዲስ አበባ ደርሰው ከዐፄ ምኒልክ ጋር የተገናኙት ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ፣ አማርኛ ጠፍቷቸዋል! በአገራቸው በአስተርጓሚ የሚያወሩ ሰው ሆኑ። ወሬው ሲሰማ አያታቸው መጡና በገላቸው ላይ ከልጅነት የቀረውን ጠባሳ አይተው ለዩዋቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ወርቅነህ የሚለውም ስም ያን ጊዜ ተመለሰላቸው። አማርኛውንም እንደ ጀማሪ ተማሪ ከፊደል ጀምረው ተማሩ። ወደ በርማና ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ቆይተው በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው ገቡ።

አሁን ወደ ቀዬአችን የሚያቀርበን ነገር ይመጣል። በአንኮበር ግርጌ፣ በአልዩ አምባ አጠገብ፣ አብዱልረሱል የሚባል ገበያ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ሰው ይሸጥበት ነበር። ከዚያ የተገዙት፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ በይፋት ቆላ አድርገው፣ አዋሽንና የአፋርን በረሃ ተሻግረው ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። ዛሬ ፍየል የምናግድበት ቆላ መሆኑ ነው። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሮች ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። አዋጁ መልካም ነው። ግን ከየት እንደመጣ የማያውቅ ልጅ ነፃ ነህ ሲባል ማታ የት ሊያድር? ማን ሊያስተምረው? ይህን ጥያቄ ከጠየቁት ዋናው ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር በሚባለው ማኅበራቸው አማካይነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖር ደከሙ። ብዙ ሹማምንት ባሪያ በቤታቸው ባለበት ዘመን ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። እሳቸው ግን ቤት ማጣት ምን እንደሆነ በመጽሐፍ አይደለም የተማሩት።

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። በ1920 ዓ.ም. አካባቢም የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ፤ አማርኛ ጠፍቶባቸው የነበረ ሰው! በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ደግሞ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ቤንጃሚንና ዮሴፍ ግን ለመዋጋት ወደ አገራቸው ገቡ፤ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገደሏቸው። አባትየው ይህን የሰሙት በባዕድ አገር ሆነው ነው። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በአዲስ አበባ ኖሩ፤ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው አረፉ።

ያንን የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስካሁን በዓይናችን አላየነውም። ከመምህራን መካከል ቅጂው ያለው ካለ ለጥቂት ቀን ቢያውሰን፣ ካርታውን ገልብጠን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።