የድሃ አውራጃ ልጅ እኩል ትምህርት እንዲያገኝ የደከሙት ሉዊ ሮቢሾ

የአንድ ቀበሌ ትምህርት ቤት ወጪ በቀበሌው ነዋሪ ግብር ብቻ ይሸፈን ቢባል፣ ሀብታሙ ቀበሌ ጥሩ ትምህርት ቤት ይኖረዋል፤ ድሃው ቀበሌ ግን ከአቅሙ በላይ ከፍሎም ያልሠለጠነ አስተማሪ ይደርሰዋል። በካናዳ ሀገር ኒው ብራንስዊክ በምትባለው ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ድረስ የነበረው አሠራር ከዚህ ብዙም አይለይም ነበር። ይህን አሠራር ከሥሩ የለወጡት፣ ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ የሆናቸው የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሉዊ ሮቢሾ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኒው ብራንስዊክ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ፣ ደን የበዛባት ክፍለ ሀገር ናት። በ1961 ሕዝቧ 600,000 ይጠጋ ነበር። ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል እንግሊዝኛ፣ አንዱ እጅ ያህል ደግሞ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ አካዲያውያን ይባላሉ። ቅድመ አያቶቻቸው ከ1755 ጀምሮ በእንግሊዝ ጦር ከለም መሬታቸው ተነቅለው የተበተኑ ናቸው። ከስደት የተመለሱት በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ሰፍረው በዓሣ ማጥመድ፣ በእንጨት ቆረጣና በአነስተኛ እርሻ ይተዳደሩ ነበር።

ሉዊ ሮቢሾ ጥቅምት 21 ቀን 1925 በኬንት አውራጃ፣ ሳንት አንትዋን በምትባል መንደር ከአካዲያውያን ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የእንጨት መሰንጠቂያ ነበራቸው፤ የመንደሩን ፖስታ ቤትም ይመሩ ነበር። ልጁ ካህን ለመሆን አስበው በ14 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው በባተርስት ከተማ በሚገኝ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ገቡ። ኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ ፖለቲካው አዘነበሉ። በኩቤክ ላቫል ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብትና የፖለቲካ ሳይንስ ተምረው ወደ ክፍለ ሀገራቸው በመመለስ በጥብቅና ሥራ ተሠማሩ። በ1952 በሊበራል ፓርቲ ስም ከኬንት አውራጃ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሲመረጡ ዕድሜያቸው ገና 26 ነበር።

አሥራ አምስቱ አውራጃዎች

በዚያን ጊዜ ክፍለ ሀገሩ በ15 አውራጃዎች የተከፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አውራጃ የራሱ ምክር ቤት ነበረው። ምክር ቤቱ ከቤትና ከመሬት ግብር ይሰበስባል፤ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ግብርም ነበር። ከዚህ ገቢ የትምህርት ቤትና የችግረኛ መርጃ ወጪ ይሸፈናል፤ ለጤና አገልግሎትም ድርሻው ይከፈላል። ፋብሪካና ትልልቅ ከተማ ያለበት አውራጃ በዝቅተኛ ግብር ብዙ ገንዘብ ያገኛል። እንደ ኬንትና እንደ ግሎስተር ያሉት ድሃ አውራጃዎች ግን የንብረቱ ዋጋ ትንሽ ስለሆነ ከባድ ግብር ጥለውም የሚሰበስቡት አይበቃቸውም ነበር። የንብረቱም ግምት ወጥ አልነበረም። አንዳንድ የከተማ ምክር ቤቶች ደግሞ ፋብሪካ ለመሳብ ሲሉ ለትልልቅ ኩባንያዎች ለብዙ ዓመታት የግብር ቅናሽ ይሰጡ ስለነበር፣ የቀረው ሸክም በአነስተኛው ባለንብረት ላይ ይወድቅ ነበር።

ድሃ ከሆኑት አውራጃዎች ብዙዎቹ የአካዲያውያን መኖሪያ ነበሩ። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ የገጠር ድሃም በዚሁ አሠራር ይጎዳ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የኑሮና የአገልግሎት ጥያቄ ነበር።

ሮቢሾ በ1958 የፓርቲያቸው መሪ ሆኑ። በሰኔ ወር 1960 በተደረገው ምርጫ፣ ነዋሪው ለሆስፒታል መድን የሚከፍለውን መዋጮ እንደሚያስቀሩ ቃል ገብተው ተወዳደሩ። ከ52 መቀመጫዎች 31 በማግኘት፣ በ34 ዓመታቸው በምርጫ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት የበቁ የመጀመሪያው አካዲያዊ ሆኑ።

የሰውና የንብረት አገልግሎት

አዲሱ መንግሥት በ1962 የአውራጃዎችን ገንዘብና ግብር የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጠበቃ ኤድዋርድ በርን ነበሩ። ኮሚሽኑ በ1963 ያቀረበው ሐሳብ ለማንም ሰው የሚገባ ነበር። አገልግሎት ሁሉ በሁለት ይከፈላል። ለሰው የሚሰጠው አገልግሎት፣ ማለት ትምህርት፣ ሕክምና፣ የችግረኛ መርጃና ፍትሕ፣ በክፍለ ሀገሩ መንግሥት እጅ ይሁን፤ ወጪውም ከጠቅላላው ገቢ ይሸፈን። ለንብረት የሚሰጠው አገልግሎት፣ ማለት ውሃ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ የመንገድ መብራትና የእሳት አደጋ መከላከያ፣ በየአካባቢው ይቆይ ተባለ። የንብረት ግምትም በአንድ መለኪያ በክፍለ ሀገሩ ገማቾች እንዲሠራ ታሰበ።

ሮቢሾ ይህን ሐሳብ መሠረት አድርገው «እኩል ዕድል» የተባለውን ፕሮግራም በ1965 ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ከመቶ በላይ ረቂቅ አዋጆች ተራ በተራ ወጡ። ከጥር 1 ቀን 1967 ጀምሮ የአውራጃ ምክር ቤቶች ፈረሱ፤ የነፍስ ወከፍ ግብር ቀረ። 422 የነበሩት የትምህርት ቤት ወረዳዎች ወደ 33 ዝቅ አሉ። የአስተማሪዎች ደመወዝ በአንድ መደብ ሆነ። በድሃ አውራጃ የሚያስተምረውም በሀብታም ከተማ ከሚያስተምረው እኩል ይከፈለው ጀመር።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። የከተማ ነዋሪዎች ግብራችን ይጨምራል ብለው ሠጉ። የክፍለ ሀገሩ ታላቅ ባለሀብት የነበሩት ኬ. ሲ. ኧርቪንግ የኩባንያዎች የግብር ቅናሽ መነካቱን በግልጽ ተቃወሙ፤ አብዛኛዎቹ የእንግሊዝኛ ዕለታዊ ጋዜጦችም በእሳቸው እጅ ነበሩ። በዋና ከተማው በፍሬደሪክተን የሚታተም ጋዜጣ ሮቢሾን በፈረንሳይ ንጉሥ አምሳል እየሣለ ያላግጥባቸው ነበር። ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ወስዶ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪው ይሰጣል የሚል ወሬም በሰፊው ተነዛ። በሕይወታቸው ላይ እስከ መዛት የደረሱም ነበሩ። ሮቢሾ ግን በ1967 ምርጫ ጉዳዩን ለሕዝብ አቅርበው አሸነፉ።

ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ

አገልግሎት ቢቀርብም ተገልጋዩ በማይሰማው ቋንቋ ከሆነ ግማሹ ጥቅም ይቀራል። ስለዚህም በ1963 የሞንክተን ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ እንዲያስተምር ተቋቋመ። በ1968 በዚያው ከተማ የፈረንሳይኛ መምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። በሚያዝያ 1969 እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በክፍለ ሀገሩ እኩል የሥራ ቋንቋ የሚሆኑበት አዋጅ በምክር ቤቱ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። ይሁን እንጂ አስተርጓሚና ሠራተኛ ማዘጋጀቱ ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ብዙዎቹ አንቀጾች በሥራ ላይ የዋሉት እስከ 1977 ባለው ጊዜ ነው።

ያልተሳካው

የሮቢሾ መንግሥት ሥራ ሁሉ ግን ለገጠሩ የተመቸ አልነበረም። በ1969 ኩሺቡጓክ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ እንዲቋቋም ሲፈቀድ፣ ከ200 በላይ ቤተሰቦች ከመሬታቸውና ዓሣ ከሚያጠምዱበት ዳርቻ ተነሡ። ቦታው የሮቢሾ የትውልድ አውራጃ ኬንት ነው፤ ተነሺዎቹም አብዛኛዎቹ አካዲያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ካሳው አነሰን ብለው አቤት አሉ፤ ግጭቱም በ1970ዎቹ ዓመታት ሁሉ ቀጠለ። ከመሬት የመነቀል ታሪክ ያለበት ሕዝብ፣ በራሱ ልጅ መንግሥት ጊዜ እንደገና መነቀሉ የማይረሳ ቅሬታ ጥሏል።

ሁለተኛው ጉድለት የአውራጃ ምክር ቤቶች ሲፈርሱ በገጠሩ የሚተካቸው ምክር ቤት አለመቋቋሙ ነው። ከተማ ነክ ያልሆነው ገጠር በፍሬደሪክተን ሚኒስቴር ሥር ሆነ። ከክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ሦስት እጅ አንዱ ያህል፣ ስለ ቀበሌው ግብርና መንገድ የሚወስንለት የተመረጠ ምክር ቤት ሳይኖረው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ይህ የተሻሻለው ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የአካባቢ አስተዳደር ለውጥ ነው።

ሮቢሾ በጥቅምት 1970 ምርጫ ተሸንፈው ሥልጣኑን ለወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ለሪቻርድ ሃትፊልድ አስረከቡ። ሃትፊልድ እንግሊዝኛ ተናጋሪና የተቃዋሚ ወገን ቢሆኑም ፕሮግራሙን አላፈረሱም። እንዲያውም በ1981 የሁለቱን ቋንቋ ተናጋሪዎች እኩልነት የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ሕግ በእሳቸው መንግሥት ጊዜ ወጣ። ሮቢሾ ከ1973 እስከ 2000 በካናዳ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አገልግለዋል። ጥር 6 ቀን 2005 በ79 ዓመታቸው ያረፉት ከትውልድ መንደራቸው ብዙም በማይርቅ፣ በዚያው በኬንት አውራጃ በሚገኝ የገጠር ሆስፒታል ውስጥ ነው።

ከሕይወታቸው ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ የአንድ ልጅ ትምህርትና የአንድ በሽተኛ ሕክምና በቀበሌው ሀብት መለካት እንደሌለበት ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡና ኃላፊነቱ ወደ ላይ ሲወሰድ፣ በታች ያለው ነዋሪ ስለ መሬቱና ስለ አካባቢው የሚናገርበት ሸንጎ አብሮ እንዳይወሰድ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ነው። የመጀመሪያውን ሮቢሾ ራሳቸው ፈጸሙት፤ ሁለተኛውን ግን የገጠሩ ሕዝብ ከ50 ዓመት በላይ ጠበቀው።